የሰው ምስክሩ የትኛዋ አይጥ ናት?

“የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ” ይላሉ አባቶቻችን። አይጥ እህል ሰርቃ ስትከሰስ ምስክር ብላ የምትጠራው አብራት ከጎተራው የምትለቅመውን ድንቢጥ ነው። እኛ የዘንድሮዎቹ ደግሞ ነገሩን ገልብጠነዋል። ዛሬ ችሎት የሚቆመው ሰው ነው፣ ምስክሯ ደግሞ አይጥ ናት። ያውም መስቀለኛ ጥያቄ የማይቀርብላት፣ ስሟ እንኳ በመዝገብ ላይ የማይሰፍር ምስክር።

ይህን እንድናነሳ ያደረገን ነገር እንዲህ ነው። ከመካከላችን የአንዱ አባት ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሎ ሐኪም በየዕለቱ የሚወሰድ ኪኒን አዞላቸው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሬዲዮ ሲያዳምጡ “ተመራማሪዎች አብሽ ኮሌስትሮልን በእጅጉ እንደሚቀንስ አረጋገጡ” የሚል ዜና ሰሙ። ደስ አላቸው። ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከተቱና በየማለዳው አብሽ መጠጣት ጀመሩ። ለአራት ወር ማንም አላወቀባቸውም። ለምርመራ ሲሄዱ ቁጥሩ ኪኒኑን ከመጀመራቸው በፊት ወደነበረበት ተመልሶ ተገኘ። ልጃቸው ዜናውን አሳድዶ ዋናውን ጽሑፍ ሲያገኘው አብሹ ተሰጥቷቸው ኮሌስትሮላቸው የቀነሰላቸው “ታካሚዎች” ማን ሆነው ቢገኙ ጥሩ ነው? ነጫጭ የላቦራቶሪ አይጦች።

ቀድመን እንናገር፤ በአባታችን ልንስቅ አይደለም። የሰሙትን ነው ያመኑት። አብሽን ልናጣጥልም አይደለም። በሰው ላይ የተደረጉ ትንንሽ ሙከራዎችም አሉ፤ ወደፊት ብዙ ሊነገርለት ይችላል። ጥያቄያችን ሌላ ነው። በአይጥ ጉበት ውስጥ የሆነ ነገር በሰው ጉበት ውስጥም ይሆናል ያለን ማነው? ከዚያም አልፈን እንጠይቃለን፤ በአንዷ አይጥ ጉበት የሆነው በሌላዋስ ይሆናል?

አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ አታሎናል። የምታህል የምትመስል ትንሿም አይጥ ናት፤ ድመት የምትገዳደረው ትልቋም አይጥ ናት። ሲብስ “አይጠ መጎጥ” ብለን እናልፋታለን። ዘመዶቿን ሃምስተርንና ጊኒ ፒግንማ ስም እንኳ አላወጣንላቸውም፤ ከነፈረንጅ ስማቸው ተቀብለናቸዋል። ስለዚህ ዜና አንባቢው “በአይጥ ላይ በተደረገ ጥናት” ቢል እንኳ (እሱም ካለ!) የትኛዋ እንደሆነች አናውቅም። በኮሌስትሮል ጉዳይ ግን በእነዚህ እንስሳት መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው።

እስቲ ከጉበት እንጀምር። ጉበትን እንደ አንድ ጎተራ እናስበው። ኮሌስትሮል ወደ ጎተራው የሚገባው በሁለት በር ነው፤ አንዱ ጉበቱ ራሱ የሚያመርተው ነው፣ ሁለተኛው ከምግብና ከደም የሚመጣው ነው። የሚወጣውም በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ተጠቅልሎ ወደ ደም ይላካል፣ ወይ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይወርዳል። ከሐሞት ጋር ከሚወርደው ብዙው መልኩን ቀይሮ የሐሞት አሲድ ሆኖ ነው። አጥቢ እንስሳት ሁሉ እነዚህ በሮች አሏቸው። ልዩነቱ የትኛው በር ሰፊ ነው፣ የትኛው ጠባብ ነው፣ በረኛውስ ማንን ይሰማል በሚለው ላይ ነው።

የአይጦችን (የትንሿንም የትልቋንም) ጎተራ እንመልከት። አይጥ ኮሌስትሮል የበዛበት ምግብ ስትበላ ጉበቷ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ኮሌስትሮልን ወደ ሐሞት አሲድ የመለወጡን ሥራ የሚጀምረውን ኢንዛይም ወዲያውኑ ያበዛል። ትርፉ በሐሞት በኩል ይወጣል፤ ደሟ ብዙም ሳይለወጥ ይቀራል። ይህን የሚያደርግ መቀስቀሻ በአይጥ ጂን ላይ አለ። በሰው ጂን ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ የለም። እኛ ጮማ ቆርጠን ስንነሳ ጉበታችን ያን ኢንዛይም እንደ አይጥ አያበዛልንም።

ሃምስተርስ? እሷም ከአይጥ ወገን ናት። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ አንድ ጥናት አይጠ መጎጥንና ሃምስተርን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሁለቱንም ኮሌስትሮል አበላቸው። የሃምስተሯ ኢንዛይም ከመጀመሪያውም ከአይጠ መጎጧ እጅግ ያነሰ ነበር፤ ኮሌስትሮል ስትበላም አልጨመረም። ስለዚህ በሃምስተር ደም ውስጥ “መጥፎው” የምንለው ኤልዲኤል ይወጣል፤ በአይጠ መጎጥ ደም ውስጥ ግን እምብዛም አይነቃነቅም። ሁለቱ ቢጎራበቱ ምግባቸውን ሊቀማሙ የሚችሉ እንስሳት ናቸው። በጉበት ግን አይተዋወቁም።

የምርቱም ነገር እንዲሁ ነው። በአይጠ መጎጥ ገላ ውስጥ ከሚመረተው ኮሌስትሮል ግማሽ ያህሉን የሚያመርተው ጉበት ነው። በሃምስተርና በጊኒ ፒግ ግን የጉበቱ ድርሻ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ብዙው የሚመረተው በሌላው የሰውነት ክፍል ነው። የሰውም ወደዚህኛው እንደሚጠጋ ነው የሚገመተው።

ወደ ደም የሚላከውን እንይ። ኮሌስትሮል በደም ውስጥ ብቻውን አይዞርም፤ በስብና በፕሮቲን እሽግ ተጠቅልሎ ነው። በሰው ደም ውስጥ ብዙው የሚጓዘው በኤልዲኤል ተጭኖ ነው። በአይጦች ደም ግን ብዙው ያለው በኤችዲኤል፣ “ጥሩው” በምንለው ላይ ነው። ለምን? አንደኛ፣ ኮሌስትሮልን ከኤችዲኤል አንስቶ ወደ ሌሎቹ እሽጎች የሚያሻግር ሲኢቲፒ የሚባል ፕሮቲን አለ። ሰው አለው። ሃምስተርና ጊኒ ፒግ አላቸው። አይጦቹ ግን የላቸውም። ሁለተኛ፣ የሰው ጉበት የሚልካቸው እሽጎች ረጅሙን ፕሮቲን ለብሰው ነው የሚወጡት፤ የአይጦች ጉበት ግን የፕሮቲኑን መልእክት አርሞ አጭሩንም ይሠራል። አጭሩን የለበሰው እሽግ ከደም ቶሎ ይነሳል፤ ረጅሙን የለበሰው እየተንቀራፈፈ ኤልዲኤል ይሆናል። የሃምስተር ጉበት በዚህ እንደ ሰው ነው፤ እርማት አያውቅም።

ጊኒ ፒግ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ወደ እኛ የምትጠጋበት ጊዜ አለ። ደሟ ውስጥ ኮሌስትሮሉን የሚሸከመው በብዛት ኤልዲኤል ነው። እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲ ራሷ መሥራት አትችልም፤ ከምግብ ካላገኘች ትታመማለች።

ሐሞቱስ ቢሉ፣ እዚያም አልተስማሙም። ትልቋ አይጥ የሐሞት ከረጢት ጭራሽ የላትም። ትንሿ አላት። ሆኖም የሁለቱም ጉበት ሰው የማይሠራውን፣ በውኃ ቶሎ የሚሟሟ ሙሪኮሊክ የተባለ የሐሞት አሲድ ይሠራል። ይህ አሲድ ኮሌስትሮል ከአንጀት እንዳይመጠጥ ያደናቅፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የዚህ ጥፋተኛ የሆነው ጂን ተለይቶ ታወቀ፤ ጂኑ የተነቀለባት አይጥ ሐሞቷ ወደ ሰው ሐሞት ይቀርባል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው የባዮሎጂ ፈተና ልናስፈትን አይደለም። አሁን ወደ አባታችን ዜና እንመለስ። “የአይጦቹ ጠቅላላ ኮሌስትሮል ቀነሰ” ሲባል ምን ማለት ነው? በጤነኛ አይጥ ደም ውስጥ ብዙው ኮሌስትሮል በኤችዲኤል ላይ ያለ ከሆነ፣ የቀነሰው “ጥሩው” ሊሆን ይችላል ማለት ነው! ደግሞም ጤነኛ አይጥ ኮሌስትሮሏ በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ ተመራማሪው በግድ ያወጣዋል። ኮሌስትሮል ያበላታል፤ አልበቃ ሲል የሐሞት አሲድ ይጨምርበታል፤ አንዳንዴም የእንቅርት ዕጢዋን የሚያደክም መድኃኒት ይሰጣታል። ከዚያ አብሹ ይመጣና “ዳነች” ይባላል። የዳነችው ግን ከማን በሽታ ነው? የአባታችን በሽታ ያ አይደለም።

“ታዲያ ምን ይጠበስ? ሳይንቲስቶቹ ያውቁታል” የሚለን አይጠፋም። ያውቁታል። ግን የማወቂያው ዋጋ ስንት እንደነበር እናስታውስ።

ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ኮሌስትሮል የሚቀንስ ነገር ፍለጋ ከ6,000 በላይ የሻጋታና የመሰል ፈንገስ ዘሮችን መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1973 ከሩዝ ላይ ከተገኘ ሻጋታ ኮምፓክቲን የተባለውን ንጥረ ነገር አወጣ። በብልቃጥ ውስጥ የኮሌስትሮልን ምርት ቀጥ የሚያደርግ ነገር ነበር። ደስ ብሎት ለአይጠ መጎጥ ሰጠ። ምንም! ኮሌስትሮሏ አልቀነሰም። ጉበቷ መድኃኒቱ የሚያግደውን ኢንዛይም እጥፍ ድርብ አድርጎ እያመረተ መድኃኒቱን ከንቱ አደረገው። በዚያ ዘመን ሥርዓት መሠረት በአይጥ የወደቀ መድኃኒት ወደ መሳቢያ ነው። ነገር ግን ኤንዶ አላመነም። በዶሮ ላይ ይሠራ ከነበረ የሥራ ባልደረባው ጋር ተማክሮ እ.ኤ.አ. በ1976 መድኃኒቱን እንቁላል ለሚጥሉ ዶሮዎች ሰጡ። የዶሮዎቹ ኮሌስትሮል እስከ ግማሽ ድረስ ወረደ። በውሻና በጦጣም ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1978 ኦሳካ ውስጥ ኮሌስትሮላቸው በውርስ ከልክ ያለፈ ሕሙማን ላይ ተሞከረ፤ ሠራ።

ኮምፓክቲን ራሱ ገበያ አልደረሰም፤ ወንድሙ ሎቫስታቲን ግን እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ 4,444 የልብ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ሌላው ዘመዳቸው ሲምቫስታቲን የሟቾችን ቁጥር በ30 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ዛሬ ስታቲን የሚባሉትን መድኃኒቶች በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ይውጣቸዋል። የአባታችንም ኪኒን ከዚሁ ወገን ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የአይጠ መጎጥ ምስክርነት የመጨረሻ ቃል ሆኖ ቢሆን ኖሮ ኪኒኑ መሳቢያ ውስጥ የሚገባው አባታችን ሳይሆኑ ገና ኤንዶ እጅ ላይ ሳለ ነበር። ምስክሯን ያረመችው ዶሮ ናት። አባቶቻችን “የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ” ሲሉ በወፍ በኩል መፍትሔ እንዳለ ጠርጥረው ይሆን?

ስህተቱ በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1913 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ኒኮላይ አኒችኮቭ ጥንቸሎችን ኮሌስትሮል አብልቶ የደም ሥራቸው እንደ ሰው ደም ሥር ሲደነድን አሳየ። (ጥንቸል ከአይጥ ወገን አይደለችም፤ የራሷ ወገን አላት።) ሌሎች ሰዎች ያንኑ በአይጠ መጎጥና በውሻ ሞከሩት፤ አልሆነም። ስለዚህ ብዙዎች “የጥንቸል ጉዳይ ነው” ብለው ለአሥርተ ዓመታት ቸል አሉት። ዛሬ ምክንያቱን እናውቀዋለን፤ አይጠ መጎጥና ውሻ ትርፉን ወደ ሐሞት አሲድ ለውጠው የማስወጣት ተሰጥኦ አላቸው። የዋህ ምስክር ሆነው እንጂ ዋሽተው አይደለም፤ በእነሱ ቤት በእርግጥ ምንም አልተፈጠረም።

በተቃራኒውም አለ። ፋይብሬት የሚባሉት የደም ስብ መድኃኒቶች ለአይጦች ለረጅም ጊዜ ሲሰጡ ጉበታቸው ያብጣል፤ የጉበት ዕጢም ያወጣሉ። ዜናው “የኮሌስትሮል መድኃኒት ካንሰር ያመጣል” ተብሎ ሊነበብ ይችላል። በጊኒ ፒግ ጉበት ላይ ግን ያ ለውጥ እምብዛም ነው፤ በሰውም ጉበት እንደ አይጦቹ አልታየም። ስለዚህ ያልተመረመረ ምስክርነት አንዳንዱን ሰው በከንቱ ተስፋ፣ አንዳንዱን በከንቱ ፍርሃት መድኃኒቱን ያስጥለዋል።

“እንግዲያው በእንስሳት መመራመር ይቅር” የሚሉም አሉ። በዚህም አንስማማም። ኤንዶን ያዳነው እንስሳትን መተዉ ሳይሆን ሌላ እንስሳ መጠየቁ ነው። ሳይንቲስቶቹም ከዚያ ወዲህ አልተኙም። እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ ጂን የተነቀለባት፣ በ1993 ደግሞ ኤልዲኤልን የሚቀበለው በር የተዘጋባት አይጥ ሠርተዋል፤ እነዚህ እንደ ሰው የደም ሥራቸው ይደነድናል። ሲኢቲፒ የተጨመረላትም አይጥ አለች። ልዩነቱን ማወቅ ራሱ ሳይንስ ሆነ ማለት ነው። አገራችንም ብትሆን የአይጥ ዘመድ አላጣችም። በየማሳችን የሚሯሯጡት የሣር አይጦች የሚመደቡበት ወገን አባል የሆነችው የናይል የሣር አይጥ ተራውን የላቦራቶሪ መኖ ስትበላ ስኳር በሽታ ይይዛታል፤ የደም ስቧም ይዛባል። ሣር የለመደ ሆድ መኖ ሲበዛበት የሚሆነውን ለማጥናት ከነጯ አይጥ ይልቅ እሷ ሳትሻል አትቀርም። እያንዳንዷ እንስሳ ልትመሰክርበት የምትችለው የራሷ ጉዳይ አላት።

ትክክለኛዋን እንስሳ መምረጥም ቢሆን የመጨረሻው ቃል አይደለም። ሲኢቲፒን የሚያግድ ቶርሴትራፒብ የተባለ መድኃኒት ነበር። ሲኢቲፒ ባላት ጥንቸል ላይ መልካም ውጤት አሳየ። በ15 ሺህ ያህል ሰዎች ላይ ሲሞከር ግን ኤችዲኤልን ከፍ አድርጎ የሟቾችንም ቁጥር ከፍ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 ሙከራው ተቋረጠ። ምስክር ይሰማል፤ ፍርዱን የሚሰጠው ግን በሰው ላይ በጥንቃቄ የተደረገ ሙከራ ነው።

እንግዲህ ጥያቄያችን ብዙ አይደለም፤ ሦስት ብቻ ነው።

ለጋዜጠኞቻችን፦ የእንስሳውን ስም ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አታውጡት። “ቦታ የለም፣ አድማጭ ይሰለቻል” እንዳትሉን። “በአይጥ ላይ” ሁለት ቃል ነው፤ አንድ ሰከንድ አይፈጅም። ያቺ አንድ ሰከንድ ለአባታችን አራት ወር ታተርፍላቸው ነበር።

በየዩኒቨርሲቲው የመድኃኒት ዕፅዋታችንን ለምትፈትሹ ወንድሞችና እህቶች፦ አይጥ ርካሽ መሆኗን፣ በሦስት ሳምንት መውለዷን፣ ሃምስተርና ጊኒ ፒግ ማርባት ገንዘብና ቦታ እንደሚጠይቅ እንረዳለን። ድካማችሁንም እናከብራለን። ቢያንስ ግን ለምን ያቺን እንስሳ እንደመረጣችሁ ጻፉ። ጠቅላላ ኮሌስትሮል ብቻ ሳይሆን ኤልዲኤልንና ኤችዲኤልን ለይታችሁ አሳዩን። ከመደምደሚያው ላይም “ለሰው ልጅ ይጠቅማል” የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ጊዜዋ እስኪደርስ አቆዩልን። የአያቶቻችን ዕፅዋት በችኮላ ከሚወደሱ በጥንቃቄ ቢፈተሹ ክብራቸው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ለእኛ ለአንባቢዎችና ለአድማጮች፦ ዜና ሰምተን ኪኒን አንጣል። አብሽ መጠጣት ያማረን እንጠጣ፤ ለሐኪማችን ግን እንንገረው። ዜናውንም ከማመናችን በፊት መስቀለኛ ጥያቄ እናቅርብለት፤ ማን ላይ ነው? ምን አብልተዋት ነው? የቀነሰው የትኛው ነው?

አባታችን ወደ ኪኒናቸው ተመልሰዋል። አብሹንም አልተዉም፤ “ለሆዴ ተስማምቶኛል” ይላሉ። ሬዲዮናቸውንም እንዲሁ። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ስለ ነጭ ሽንኩርት አንድ ዜና ሰሙና ወደ ልጃቸው ዞር ብለው “እስቲ እየው፣ ይኼኛው ደግሞ የትኛዋ አይጥ ናት?” አሉት። ጥያቄው ቤታቸው ገብቷል። ወደ ዜና ክፍሎቻችንም ቢገባ ምን ነበረበት?